የጎደለችው ክር

«እስቲ እንደገና ቁጠሪው» አለች አክስትየዋ፣ እቴቴ።

ልጅቷ ጣቷን ራሷ በወጠረችው ድር ላይ እያስኬደች ለሦስተኛ ጊዜ ከአንድ ጀመረች። የምትቆጥረው በደገኞቹ የጥንት ቋንቋ ነው። ቤተሰቡ ከተራራው ወርዶ ከተማ ከገባ ዓመታት ቢያልፉም ጥለቱ ዛሬም ወረቀት ላይ አይሰፍርም፤ በዚያው ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል።

«ሠላሳ ዘጠኝ ነው። አንድ ክር ጎድሏል» አለች።

ቆቅ በሩን ተደግፋ ታያለች። ከዓይኗ ምንም ስለማያመልጥ ቤተሰቡ ያወጣላት ስም ነው። የጎደለችው ክር ተጠቅልላ ኪሷ ውስጥ አለች።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። ይህቺ ከተራራ የመጣች የአጎቷ ልጅ ግን በሦስተኛ ወሯም ወርቅ ናት። እቴቴ ጠዋት «እጇን አየሽልኝ?»፣ ማታ «ድምጿን ሰማሽልኝ?» ትላለች። ትናንት ደግሞ ከሙዚየም ሽመናውን ሊቀርጹ ለሚመጡት ሰዎች ድሩ ፊት የምትቀመጠው እሷ መሆኗ ተነገረ። እዚህ ክፍል ውስጥ ዳዴ ብላ ያደገችው ቆቅ አይደለችም እንዴ? እርግጥ ነው፣ ትምህርት ቤት «ደገኛዋ» እያሉ ሲያበሽቋት አፍራ ቆጠራውን መማር ያቆመችው ራሷ ናት፤ ግን ቅናት ይህን መች ይሰማል። እቴቴ ገበያ ስትወጣ ጠብቃ አንዷን ክር መዘዘች፤ ክፍተቱ እንዳይታይም ግራና ቀኙን ጠጋ ጠጋ አደረገች።

«ፈትተን እንደ አዲስ እንዳንወጥር ሰዎቹ ሊደርሱ ነው» አለች እቴቴ በረጅሙ ተንፍሳ። «እጅሽ ገና ነው ማለት ነው፣ የኔ ልጅ። በይ ቆቅ ትቀመጥ። መወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ ካደረገች እነሱ ምን ያውቃሉ?»

ይኸው፣ የተመኘችው ቦታ። ቆቅ ተቀመጠች። የአጎቷ ልጅ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ከኋላዋ ተንበረከከች።

«አይዞሽ፣ ግራ እንዳይገባሽ እኔ ቀስ ብዬ እቆጥርልሻለሁ» አለቻት በጆሮዋ።

ብትሰድባት ይቀላት ነበር። ቆቅ መወርወሪያውን አስቀመጠች። ጣቷን የመጀመሪያዋ ክር ላይ አሳረፈችና በጥንቱ ቋንቋ፣ በሰለለ ድምፅ መቁጠር ጀመረች። እቴቴ ቀና አለች። ቆቅ አሥራ ሰባት ላይ ስትደርስ ቆመች። ልጅ ሆና ትምህርቱን የተወችው እዚያ ላይ ነበር፤ ትናንት የመዘዘችውም ከዚያ የምትቀጥለውን ነው። እጇን ኪሷ ከትታ ክሯን አወጣችና ድሩ ላይ አጋደመቻት።

«እዚህ ጋ ናት» አለች። ተነስታም ለአጎቷ ልጅ ቦታውን ለቀቀችላት። «ከዚህ ወዲያ ያለውን አላውቀውም። አንቺ ቀጥይ፣ እኔ እሰማለሁ።»