የተጠበቀው ሰው ዳና

እማዋይሽ ሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር የሌላ ሰው ጉልበት ማጥለቅ ነበር። ጫማዋን ታወልቃለች፣ መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስስ ልብስ ከእግሯ ጀምራ ትለብሳለች። ልብሱን ድርብ ቆዳ ይሉታል። ተጫዋቾች ከማሊያቸው ሥር የሚለብሱት ክር የጡንቻቸውን ግፊት፣ የልብ ምታቸውንና ትንፋሻቸውን ይመዘግባል፤ መዝገቡ ዳና ይባላል። ዳናው ወደ ድርብ ቆዳው ሲለቀቅ የለበሰው ሰው ጨዋታውን በተጫዋቹ ገላ ውስጥ ሆኖ ይኖረዋል። እማዋይሽ ሃምሳን ያለፈች ቀጭን ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ግን ለጥቂት ጊዜ በር የማይበቃው ጎረምሳ ትሆናለች።

«ዛሬ ማንን ነው የምለብሰው?»

«ጉተማ ቱፋን» አለ የመሣሪያው ባለሙያ ሐንፈሬ። «ቁርስ በልተዋል ዶክተር? ይሄ ልጅ በባዶ ሆድ አይለበስም።»

የተራ ምርጫው ሰሞን ነበር። በዓመት አንድ ቀን ክለቦች በየተራቸው ከኮሌጅ የሚወጡትን ተጫዋቾች ይመርጣሉ። ድሮ በአሜሪካ ብቻ ይታወቅ የነበረው፣ ኳሱ በእጅ የሚወረወርበትና ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፉበት ጨዋታ ሎግያ ከገባ ሁለት ትውልድ አልፎታል። ከተማዋን ከፀሐይ በሚከልለው ታላቅ መጋረጃ ሥር ስታዲየሙ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ሰው ስሙን የግፊያ ኳስ ብሎታል።

እማዋይሽ የምትሠራለት ክለብ፣ የሎግያ ጎሾች፣ ዘንድሮ የሚፈልጉት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ግራ ጋሻ። ኳስ ወርዋሪው ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ስቦ ሊወረውር ሲዘጋጅ ጀርባው ወደ ግራ ይዞራል። ከዚያ በኩል የሚመጣበትን አያይም። ግራ ጋሻው እዚያ ቆሞ የሚመጣውን ይመልሳል። የጎሾቹ ወርዋሪ ያፌት ባለፉት ሁለት ዓመታት ሁለት ጊዜ ከጀርባው ተመትቶ አንጎሉ ተናግቷል። ሐኪሙ ለአሰልጣኙ የነገረው ቃል አጭር ነበር፤ አንድ ጊዜ ቢደገም፣ ስለ ጨዋታው ቀርቶ ስለ ንግግሩም ዋስትና አልሰጥም ብሏል። ያፌት ራሱ ይህን ሰምቶ «እንግዲህ ጀርባዬን አደራ» ብሎ ነበር፤ ለእማዋይሽ፣ በደረጃው ላይ ሲተላለፉ፣ እየሳቀ።

የጉተማ ዳና ግሩም ነበር። ተቃዋሚው መጣ፣ ደረቱ ከደረቷ ጋር ተጋጨ፣ እግሯ መሬቱን ቆንጥጦ ያዘ፣ ሰውየው ተመልሶ ሄደ። ሌላው መጣ፤ እሱም ተመለሰ። ከልብሱ ስትወጣ ላብ በላብ ሆና ነበር። ከዳናው ነጥብ የሚያወጣው መመዘኛ ማሽን ከዚያ በፊት ለማንም ያልሰጠውን ነጥብ ሰጠ።

ከሰዓት በኋላ አቢዮ ኤርሳዶ የሚባለውን የሆሳዕና ኮሌጅ ልጅ ለበሰች። ምንም አልሆነም። ይተነፍሳል፣ ወደ ጎን ይራመዳል፣ ይቆማል። አልፎ አልፎ መዳፉ የሆነ ነገር ይነካል፣ ልክ ሰው በጨለማ ግድግዳ ሲዳብስ እንደሚነካው። ከዚያ ዝም።

«ሐንፈሬ፣ ልብሱ ተበላሽቷል።»

ሐንፈሬ ልብሱን ፈተሸ፤ ደህና ነበር። ሌላ ልብስ አመጣ፤ ያው ሆነ። በመጨረሻ ራሱ ለብሶ አየውና ፊቱን አጨፍግጎ ወጣ። «ይሄ ሰው ሜዳ ላይ ነው ወይስ አውቶቡስ እየጠበቀ ነው?»

መመዘኛው ነጥብ ለመስጠት እምቢ አለ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ዐረፍተ ነገር «ለመመዘን የሚበቃ ግጭት የለም» የሚል ነበር።

በማግስቱ አቢዮ ለቃለ መጠይቅ መጣ። በሩን በጎኑ ሆኖ ገባ፣ ወንበሩን በእጁ ጫን አድርጎ ሞከረው፣ ከዚያ ተቀመጠ። ድምፁ ከገላው ጋር አይሄድም፤ ለስለስ ያለ ነበር።

«ተቃዋሚዎች ለምንድን ነው የማይመጡብህ?» አለችው።

«ኧረ ይመጣሉ ዶክተር። ሲነሡ አያቸዋለሁ፤ ሊረግጡ ያሰቡበት ቦታ ላይ ቀድሜ እቆማለሁ። ከዚያ በሌላ በኩል ይሄዳሉ።»

«ሁልጊዜ?»

«መጀመሪያ መጀመሪያ ይሞክራሉ።» ፈገግ አለ። «ኋላ ይሰለቻቸዋል።»

እማዋይሽ ይህን ይዛ አሰልጣኝ ዘርጋው ዘንድ ገባች። ከእሱ ጋር ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ እማዋ ነው የሚላት።

«እማዋ፣ ለክለቡ ባለቤቶች ምን ልበላቸው? ልጁ ምንም አላደረገም፣ ስለዚህ ውሰዱት ልበል?»

«በእሱ በኩል ምንም አልደረሰም ማለት እኮ…»

«ማለት?»

የለበሰችው ዝምታ ባዶ እንዳልነበር ተሰምቷታል፤ ግን የምታሳየው ነገር አልነበራትም። ባለቤቷ ካረፈ ወዲህ እርግጠኛ ያልሆነችበትን ነገር በስብሰባ ላይ መናገር ትታለች። ስትናገር ሰዎች አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያዳምጧታል፤ ይህን አትወደውም። ቁጥር ሲኖራት ግን እንደ ድሮው ይከራከሯታል።

«ማለት?» አለ ዘርጋው እንደገና።

«ተወው» አለች። «የጉተማ ነጥብ ይበልጣል።»

ጎሾቹ ጉተማን መረጡ። የሁሉም ክለቦች መመዘኛ አንድ ዓይነት ስለነበር አቢዮን የጠራው የለም። ወደ ሆሳዕና ተመለሰ።

ጉተማ የሚነቀፍ ልጅ አልነበረም። በየጨዋታው የሚጋጨውን ሁሉ ያሸንፋል፤ ሲጋጭ የሚሰማው ድምፅ እስከ ላይኛው ወንበር ይደርሳል፤ ሕዝቡም ያንን ድምፅ ለመስማት መምጣት ጀመረ። ልጆች የእሱ ቁጥር ያለባቸውን ማሊያዎች አጠለቁ። በግራ በኩል አንድም ሰው አልፎት አልሄደም። የሚገርመው የያፌት ውርወራ ነበር። ይቸኩላል፤ ቦታቸው ላይ ገና ላልደረሱ ጓደኞቹ ይወረውራል። «ዕድሜ ነው» አለ ዘርጋው። ያፌት ሠላሳ እንኳ አልሞላውም።

ከዚያ ክረምት ሳይገባ፣ ከባሕር ዳርቻዎቹ ክለብ ጋር ሲጫወቱ፣ ያፌት ሊወረውር እጁን ስቦ እያለ አንገቱን ወደ ግራ ዞር አደረገ። በዚያች ቅጽበት የተቃዋሚው ሯጭ በቀኝ በኩል፣ ከፊት ለፊቱ፣ ማንም ሰው ሊያየው ከሚችልበት ቦታ መጥቶ መታው።

ዳግመኛ ተጫዋች አልሆነም። ከሆስፒታል ሲወጣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ ነበር የሚናገረው። መመዘኛው ለዚያ ቀን ለጉተማ ሙሉ ነጥብ ሰጥቶታል፤ ትክክልም ነበር፣ በግራ በኩል ማንም አላለፈም። ፊልሙን ያዩ ሁሉ አንድ ነገር ተስማሙ፤ ጥፋቱ የያፌት ነው። ዓይኑ እያየ ሊሸሸው የሚችለውን ሰው ትቶ ወደማያስፈልገው ዞረ። ጋዜጠኞቹ ይህን የተናገሩት በማዘን ነበር፤ ለያፌት ግን ማዘናቸው ሸክሙን አላቀለለለትም።

አንድ ረፋድ ላይ ያፌት እማዋይሽ ክፍል መጣ። ሐንፈሬ ወንበር ሲሰጠው ተቀመጠ።

«የዚያን ቀን… ዳናዬን… ልልበሰው» አለ።

«አይሆንም ያፌት። ምቱም አብሮ አለበት።»

«አላስታውስም እኮ። ለምን እንደዞርኩ… ማወቅ ብቻ ነው። እህቴ… ቂል ነህ እንዴ፣ ምን አዞረህ ትለኛለች። እውነቷን ነው። ምን… አዞረኝ?»

እማዋይሽ ሐንፈሬን አየችው። ሐንፈሬ ትከሻውን ሰበቀ፤ የወርዋሪ ዳና ተለብሶ አያውቅም። በዚህ ሥራ የሚለበሰው የሚመዘነው ሰው ነው። ጋሻ ሲመዘን ጋሻው ይለበሳል፤ ከኋላው የቆመውን ሰው መልበስ ለማንም ትዝ ብሎት አያውቅም።

«እኔ እለብሰዋለሁ» አለች። «ምቱ ሳይደርስ ሐንፈሬ ያቆምልኛል። የተሰማኝን እነግርሃለሁ።»

ለበሰችው። ኳሱ እጇ ላይ ደረሰ፣ እጇን ሳበች፣ ከጀርባዋ አንድ ነገር ፈነዳ። የጉተማ ግጭት ነበር፤ ተቃዋሚው ተሸንፏል፣ ግን የተሸነፈው ከጀርባዋ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። የሰውየው ትንፋሽ ማጅራቷን ነካት። ልቧ ዘለለ። ኳሱ እንደገና መጣ፤ እንደገና ፈነዳ። ጉተማ እንደገና አሸነፈ። ያፌት ይህን ያውቃል፣ እንደሚያሸንፍም ያምናል፣ ማጅራቱ ግን አያምንም። ሦስተኛው ላይ ትከሻው ገና ኳሱ ሳይደርስ ተኮማተረ። ከዚያ በኋላ ሊወረውር በተነሣ ቁጥር ግማሽ ጆሮው ኋላ ነው።

ሐንፈሬ አቆመው። እማዋይሽ የመጀመሪያውን ጨዋታ እንዲያመጣላት ጠየቀች። ያው ነበር። የዓመቱ አጋማሽም ያው። ያፌት ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ሊያዞር ሲታገል ከርሞ፣ አንድ ቀን ዞረ።

«አንተ አይደለህም» አለችው ስትወጣ። «ማንም በአንተ ቦታ ቢሆን ይዞር ነበር። ልጁን ስንመርጥ እኔ እዚያ ክፍል ነበርኩ። ያየነው የሚያሸንፍ መሆኑን ነው። አንተ ዘንድ ምን ያህል ቀርቦ እንደሚያሸንፍ አላየንም።»

ያፌት ዓይኑን ሸፍኖ ተቀመጠ። እማዋይሽ ወደ ሐንፈሬ ዞረች።

«በአቢዮ ጊዜ የሆሳዕናው ወርዋሪ ማን ነበር?»

«ማንም ክለብ ያልፈለገው አንድ ልጅ። ዳናው ይኖራል። ለምን ፈለጉት?»

«አምጣው።»

የለበሰችው ጨዋታ የመጨረሻው ሩብ ላይ ነበር፣ ሆሳዕናዎች እየተመሩ። ኳሱ መጣ። ትከሻዋ ለስላሳ ነበር። ትንፋሿ ረጅም። ልጁ ሩቅ ያለ ጓደኛውን አየ፣ ደግሞ ሌላውን አየ፣ መረጠ፣ ወረወረ። ጊዜ ሞልቶት ነበር። ከጀርባው ምን እንዳለ አያስብም፤ ጀርባ እንዳለውም የሚያስታውስ አይመስልም። በሁለት ውርወራ መካከል ጉሮሮው ውስጥ አንድ ዜማ ያንጎራጉራል።

ዳናው አለቀ። እማዋይሽ ልብሱን አላወለቀችም።

ይህን ገላ ታውቀዋለች። ለረጅም ዘመን የራሷ ነበር። ትዳር ከያዘች ጀምሮ ሰው ሁሉ እማዋ ረጋ ያለች ናት ይላት ነበር፤ እሷም የተፈጥሮ ጠባይዋ መስሏት፣ በውስጧ ትንሽ ትኮራበት ነበር። ባለቤቷ ዝምተኛ ሰው ነበር። ቤት ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ብትጠየቅ አንድ ትልቅ ነገር መጥቀስ አትችልም። በቀብሩ ሰሞን ልቧ ያለምክንያት መምታት ጀመረ፣ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፣ እንቅልፏ ተቆራረጠ። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ተመረመረች። ሐኪሙ ምንም አላገኘባትም።

«ዶክተር?» አለ ሐንፈሬ። «ችግር አለ?»

«የለም። ያፌትን አልብሰው።»

«ያፌትን?»

«ይሄኛው ምት የለበትም።»

አለበሱት። እጆቹ መጀመሪያ የወንበሩን ክንድ ጨምድደው ያዙ፤ ከዚያ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ትከሻው ወረደ። ከጉዳቱ በኋላ እማዋይሽ ፊቱን እንዲህ ሆኖ አላየችውም፤ ከጉዳቱ በፊትም አላየችውም።

«ይሄ ልጅ… ጨዋታ ላይ ነው?»

«ጨዋታ ላይ ነው። እየተሸነፉ።»

«እንዲህ… ሆኖ ይወረወራል እንዴ?» አለ። «እኔ እኮ… ሁሉም እንደኔ… መስሎኝ።»

እማዋይሽ ጎንበስ ብላ የልብሱን አንገት አላላችለት። ያፌት ዓይኑን እንደጨፈነ ቆየ።

«ልጁ… ያውቃል?»

«ምኑን?»

«የተጠበቀ… መሆኑን። እንዲህ መሆኑን።»

ይህን እሷም ማወቅ ስለፈለገች ሐንፈሬ ቁጥሩን ፈልጎላት እዚያው ደወለች። የሆሳዕናው ወርዋሪ አሁን የከተማ ባቡር ተቆጣጣሪ ነው፤ ከስልኩ ጀርባ የመንገደኛ ጫጫታ ይሰማ ነበር። አቢዮን እንዴት ታስታውሰዋለህ ብላ ጠየቀችው።

«አቢዮን? ደግ ልጅ ነው! ብዙ አይናገርም። ምሳ ላይ የሁላችንንም ይበላብን ነበር።» ሳቀ። «ሜዳ ላይ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ዕድለኛ ነው። በእሱ በኩል ብዙም ሥራ አልነበረም።»

አመስግናው ዘጋች። ያፌት በድምፅ ማጉያው ሁሉን ሰምቷል። ቀስ ብሎ፣ እንደ ንግግሩ እየተቆራረጠ፣ ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ተወ።

«ተቆጡበት… ዶክተር?»

«አልተቆጣሁም» አለች። «ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ብጠየቅ እኔም እንደዚሁ ነበር የምለው።»