የሚያውቃት ሰው

መቅደላዊት አንድ ቦታ መርጋት አልሆነላትም። ቁጭ ስትል እንኳ አንድ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ጋምቤላ በነርስነት ከተመደበች ጀምሮ ልቧ መናኸሪያ ነው፤ በየዓመቱ ወደ ደብረ ብርሃን ዝውውር ትጠይቃለች።

አኳይን ያገኘችው ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ነበር። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ደግሞ «ሲስተም የለም» ከማለት ሌላ ቃል የላትም።

«ይሄ ሲስተም መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ ስትነጫነጭ ከኋላዋ አንድ ረጅም ወጣት ሳቀ።

«እኛ ጋ ሲስተም ጠፍቶ አያውቅም» አላት።

«እናንተ ማናችሁ?»

«ቁጠባና ብድር ማኅበር። ሒሳብ ሠራተኛው እኔ ነኝ።»

«እንዴት ነው የማይጠፋው?»

«ድሮስ መቼ ኖሮን!»

ሳቋን መያዝ አቃታት። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ቀድሞ ዘወር ማለት የፈለገ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ አመሻሽ ላይ በባሮ ዳር አብረው መሄድ ለመዱ። እሷ ትፈጥናለች፤ እሱ በረጃጅም እግሩ ሳይቸኩል ይደርስባታል።

እንቅፋት የሆኑባቸው የእሱ እናት ነበሩ። ገበያ ዓሣ የሚሸጡት፣ የማኅበሩም ነባር አባል የሆኑት እማማ አኬሎ ለልጅቷ ሰላምታ እንኳ ነፍገዋታል።

«ደገኛ ይሠራል፣ ገንዘብ ይይዛል፣ ይሄዳል» አሉት ልጃቸውን። «አንተ ብቻ ትቀራለህ።»

አኳይ ይህን ሲነግራት መቅደላዊት ተናደደች። የባሰ ያናደዳት ደግሞ ሴትዮዋ እውነታቸውን መሆኑ ነው፤ የዝውውሯ ፈቃድ በዚያው ሳምንት መጥቶ ቦርሳዋ ውስጥ ተቀምጧል። እንቅልፍ አጣች። ትወደዋለች፤ መሄድም ይናፍቃታል።

ሲነጋ ፈቃዱን ለአለቃዋ መለሰች። ከዚያም በቀጥታ ወደ ባንኩ አመራች።

«ሒሳቤን ዝጊልኝ፤ ወደ ማኅበሩ ላዞረው ነው።»

ገንዘብ ከፋይዋ ደነገጠች። «የኛ እኮ የትም ከተማ ይሠራል። የማኅበሩ ግን ከጋምቤላ አይወጣም!»

«ለዚሁ ነው» አለች መቅደላዊት።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። በማኅበሩ ደንብ፣ ነባር አባል ጉባኤ ፊት ተነስቶ «አውቃታለሁ» ካላለ ማንም አይገባም። ሠራተኛ መመስከር ስለማይችል አኳይ አፉን ዘግቶ መቀመጥ ግድ ሆነበት። በጉባኤው ዕለት ደግሞ ልትመሰክርላት ቃል የገባችው ነባር አባል፣ ባልደረባዋ ሽታዬ፣ መኪና ተበላሽቶባት ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ቀረች።

«ይህች ልጅ የባንክ ሒሳቧን ዘግታ ወደኛ መጥታለች» አሉ ሰብሳቢው። «የሚያውቃት አለ?»

የተነሳ አልነበረም። አኳይ እስክሪብቶውን ጨብጦ አያት። ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፤ እግሬ አውጪኝ ብላ ለመውጣት ምንም አልቀራት።

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። እማማ አኬሎ ተነሱ።

«እኔ አውቃታለሁ።»

«ከየት ያውቋታል?»

«ገበያ በኩል ታልፋለች። ሁልጊዜ ትሮጣለች። ዛሬ ተቀመጠች።»

«ብትሄድብንስ?»

«ሄጄ አመጣታለሁ። ልጄ ይወዳታል።»

ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ፤ አኳይ አንገቱን ደፋ። እማማ አኬሎ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ሰፊ እጃቸውንም ጉልበቷ ላይ አሳረፉ።

«በቃ» አሏት።

ጉልበቷ ረጋ።