የአማል መልስ

ሐመድ በአሶሳ ገበያ ጨውና ጨርቅ ይነግዳል። ከሚስቱ ከሳና ጋር ሦስት ልጆች ቀብረው የቀረችላቸው አማል ብቻ ነበረች። እሷን ደግሞ እንዴት ይወዳት ነበር! ክልሉ በተቋቋመ በሦስተኛው ዓመት አማል ለመምህራን ማሠልጠኛ ተመርጣ ስሟ ሲለጠፍ ግን፣ አባቷ ለወዳጁ ልጅ ሊድራት ቃል ሰጥቶ ቆይቶ ነበርና ትምህርቱን ከለከላት።

በዚያው ሰሞን አማል "አንገቴን!" ማለት ጀመረች። ቀና ማለት አቃታት። "ኒካሑን ልትሸሽ ነው" አለ ሐመድ። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ አለ! አንድ ቀን የውሃ ጣሳ ከእጇ ወድቆ ጣቶቿ አልታዘዝ ሲሏት ነው ክው ያለው።

አባትና ልጅ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው አዲስ አበባ ደረሱ። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር አምባው ራጁን ደጋግመው አዩት። በአንገቷ ሁለተኛ አጥንት ላይ፣ እሳቸው በሥራ ዘመናቸው አንዴ ብቻ ያዩት ዓይነት ዕጢ በቅሎ ኅብለ ሰረሰሯን ተጭኖታል። የሚደረስበትም በአፏ በኩል፣ የጉሮሮዋ ጀርባ ተቀዶ ነው።

"ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ትንሽ ነበር" አሉ በዝግታ። ያቺን ቃል... ያቺን ቃል ሐመድ እንዴት ይሸከማት?

ወደ ቀዶ ጥገናው ሲወስዷት ከአልጋዋ ጎን እየተራመደ፣ "ልጄ፣ ውሸትሽን ነው ብዬ ነበር፤ አፉ በይኝ" አላት በበርታ ቋንቋ። መልስ ሳይሰማ በሩ ተዘጋ።

ስድስት ሰዓት ፈጀ። ዕጢው ወጣ፤ አማል ነቃች፤ ጣቶቿም ተንቀሳቀሱ! አንገቷ ላይ የመተንፈሻ ቱቦ ስለገባላት ግን መናገር አልቻለችም። በአራተኛው ቀን በምልክት እርሳስ ጠይቃ ጻፈችና ወረቀቱን ለአባቷ ዘረጋችለት። ሐመድ አገላብጦ አየው። ነርሷን ደጊቱን ጠርቶ በተሰባበረ አማርኛው ጠየቃት።

"እህቴ፣ እኔ ፊደል አላውቅ። ልጄ ምን አለ?"

ደጊቱ አነበበችለት፤ "'አባ፣ በሩ ላይ ያልከኝን ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩህም። ስድን ልጆች አስተምራለሁ፤ አንተንም ጭምር' ትላለች።"

ሐመድ እጇን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ ፈገግ አለች።

ምነው ታሪኩ እዚህ ባለቀ! ቁስሉ አመረቀዘ፤ ሕመሙ ወደ አንጎሏ ወጣ። በዘጠነኛው ቀን ረፋዱ ላይ፣ እጇ በአባቷ እጅ ውስጥ እንዳለ፣ አማል በጸጥታ አረፈች። እዚያው ተቀበረች።

ሐመድ ብቻውን አሶሳ ሲገባ ሳና ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ገና ፊቱን እንዳየች አወቀች። "አልተቀየመችኝም" አላት። አላህ የቆረጠውን ዕድሜ ማን ይቀጥለዋል? ለአባትና ለልጅ ግን አምስት ቀን በሰላም መተያየት ተሰጣቸው። ያንን እንኳ ሳያገኝ የቀረ ስንት ወላጅ አለ...