ሳሪት ከሄልሲንኪ አትነሳም

«ሄልሲንኪን ለአሸር ተዪለትና አንቺ ጎንደርን ያዢ» አለች መምህርቷ ዘሃቫ። «ጎንደርም እኮ በዘመኗ የሰሜን ዋና ከተማ ነበረች።»

ሳሪት የያዘችውን ሙጫ አላስቀመጠችም። ዘጠነኛ ክፍል ለሐሙስ ምሽት የቱሪዝም ትርኢት እየተዘጋጀ ነው። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንድ የሰሜን ዋና ከተማ በዕጣ ደርሷቸዋል፤ ሥራቸው ጎብኚ የሚመርጣቸውን ጉዞዎች ማቀድ ነው። ለእሷና ለአሸር ሄልሲንኪ ወጣላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኢንተርኔት ካተሙት ካርታ ጋር ሲታገሉ ሰነበቱ።

«በዕጣ ነው የደረሰን» አለች።

«አውቃለሁ፣ ማሚ፣ የኔ ቆንጆ። ግን ከውጭ አገር እንግዶች ይመጣሉ። የራስሽን ነገር ብታሳዪያቸው ደስ ይላቸዋል። የባህል ቀሚስም ትለብሻለሽ። ለእናትሽ ደውዬላት እሺ ብላኛለች።»

እናቷ አይናለም እሺ ማለቷ ሳሪትን አልገረማትም። አይናለም ለመምህርም፣ ለሐኪምም፣ በዕብራይስጥ ፈጠን ብሎ ለሚናገራት ሁሉ እሺ ትላለች። እሷ ባደገችበት መንደር ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው፤ እሺ ይባልና ነገሩ በኋላ በዘዴ ይቀራል። ይህን ዘሃቫ ከየት ታውቀዋለች?

ከትምህርት ቤት ሲወጡ አሸር «ዳይ፣ በቃሽ፣ ልበሺውና ትተውሽ» አለ። «አምስተኛ ክፍል እያለን ለብሰሽ ጨፍረሽ የለ?»

«ስድስተኛም። ሰባተኛም። ለዚያ ነው የማልለብሰው። ያንተስ ቤተሰቦች ከጆርጂያ አይደሉ? የጆርጂያ ባርኔጣ አድርግ ብላሃለች?»

«ለእኔ ጭንቅላት የሚሆን ባርኔጣ የለም» ብሎ ሳቀ። ትንሽ ሄዶ ሳቁን አቆመ። «ግን እውነትም አላለችኝም።»

አሽዶድ ውስጥ ሮቫ ዳሌት ከሚባለው ሰፈር እቤቷ ስትደርስ አይናለም ቀሚሱን እየተኮሰች ነበር።

«እማ፣ ለምን እሺ አልሻት?»

«መምህር አይደሉ? ምን ልበላቸው ታዲያ?»

«በይ ንገሪኝ። እንግዶቹን ጎንደር አስጎበኛለሁ። የፋሲል ግምብ ውስጡ ምን ይመስላል?»

አይናለም ካውያውን አቆመችና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የግምቡን ፎቶ አየችው። እዚያው አሽዶድ ውስጥ ከሱቅ የተገዛ ነው።

«ውስጡን የት አውቄው? ከእናቴ ጋር ሸክላ ተሸክመን ገበያ ስንሄድ በአጥሩ በኩል እናልፍ ነበር። ሸክላው እንዳይሰበር እግር እግራችንን ነው የምናይ። ግምብ ማን ልብ ብሎ?»

«እኔ ደግሞ አጥሩንም አላየሁት። አሽዶድ ነው የተወለድኩት።»

አይናለም ቀሚሱን ወደ ጎን አደረገችው። «ያንቺስ ከተማ ምን አላት?»

ሳሪት ካርታውን መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ጊዜ የሌለው በትራም ከተማዋን ይዞራል። ግማሽ ቀን ያለው ከገበያው ዳር በጀልባ ተነሥቶ ምሽግ ያለበት ደሴት ይሄዳል። ሙሉ ቀን ያለው ደግሞ ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ ወጥቶ የእንጨት ቤቶች ያሏትን አሮጌ ከተማ ያያል።

«ክረምት ሊገባ ሲል ይጨልማል አይደል ፈረንጅ አገር?»

«በበጋ ነው የምንወስዳቸው። ያኔ ፀሐይዋ የምትጠልቀው እኩለ ሌሊት ሊቃረብ ሲል ነው።»

«ታዲያ ሰንበት መቼ ይገባል? ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ አይደል?»

ይህን ሳሪትም አሸርም አላሰቡትም ነበር።

«እኔ ብሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው» አለች አይናለም። «ጀልባ ላይ እያለሁ ሰንበት ቢገባብኝስ?»

ሳሪት እርሳስ አነሣች። የዓርቡን ጀልባ ወደ ጠዋት አመጣችው። በሰንበት ስለማይሳፈሩ የቅዳሜውን ትራም ሰርዛ በወደቡ ዳር የእግር መንገድ አሰመረች። አይናለም ካርታው ላይ አጎንብሳ «እዚህ ጋ መቀመጫ አለ? ሰው ይደክመዋል» ትላለች። ካውያው በርዶ ቀረ።

ሐሙስ ማታ ዘሃቫ በአዳራሹ በር ላይ «ጎንደር» የሚል ጠረጴዛ አዘጋጅታ ጠበቀቻቸው። ሳሪት በጂንስና በነጭ ሸሚዝ ከእናቷ ጋር መጣች። ቀሚሱን ከያዘችው ከረጢት አወጣች፤ በደንብ አጥፋ የጎንደር ወንበር ላይ አኖረችው። ከዚያ አዳራሹ ኋላ ወዳለው የሄልሲንኪ ጠረጴዛ ሄዳ ከአሸር ጎን ቆመች።

ዘሃቫ ተከትላት መጣች። «ሳሪት፣ እንግዶቹ መኪና ማቆሚያው ደርሰዋል። ልበሺ እንጂ።»

«ቀሚሱ እዚያ አለ። ጎንደርን ግን አላውቃትም። የማላውቀውን ከተማ አላስጎበኝም።»

«እዚያ ካልቆምሽ ማርክ የለሽም። የአሸርን ብቻ ነው የማርመው።»

አሸር ጫማውን ማየት ጀመረ። ማርኩ ሴሚስተሩን የሚወስን መሆኑን ሳሪት ታውቃለች።

«አትስጪኝ» አለች።

ዘሃቫ ራቅ ብላ ወደ ቆመችው አይናለም ዞረች። «በቃ አንቺ ንገሪያት።»

«እሺ» አለች አይናለም።

መጣች። በሄልሲንኪ ጠረጴዛ ፊት ለጎብኚ የተቀመጠውን ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ቀስ ብላ፣ በዕብራይስጥ፣ ዘሃቫ እንድትሰማው አድርጋ፦

«ይቅርታ፣ ዓርብ ጀልባው ስንት ሰዓት ይመለሳል?»

በሩ ተከፈተና የእንግዶቹ ድምፅ ተሰማ። ሳሪት ቀና ብላ አላየቻቸውም። ካርታውን ወደ እናቷ አዞረችው።

«ከዚህ እንጀምር» አለች። «ከገበያው ዳር።»