እግር የማይታይበት ውሃ

«ያንን እግርህን አንሳ!»

«አንስቻለሁ!» አለ ጄኔራሉ፣ ውሃው ላይ በጀርባው ተንጋሎ።

አላነሳም። ቡሽ ከገንዳው ዳር ሆና ቁልጭ አድርጋ ታየዋለች። ሰፈሩ ሁሉ ጄኔራሉ የሚለው ታናሽ ወንድሟ በአንድ እግሩ ውሃውን እያንቦጫረቀ በሌላው ወለሉን ረግጦ ቆሟል። ቆሞ መንሳፈፍ የሚባል ውድድር ቢኖር አንደኛ የሚወጣው እሱ ነበር። አሰልጣኙ ግን ሰዓቱን አየት አደረገና «ጎበዝ! አልፈሃል! ቀጣይ!» ብሎ ጮኸ።

«ኧረ ጋሼ፣ ወለሉን ረግጦ እኮ ነው!»

«ቡሽዬ፣ አታካብጂ። ዋናው በራስ መተማመኑ ነው።»

ቡሽ የሚሏት ውሃ ላይ ከተኛች ስለማትሰምጥ ነው። አክስቷ የመዋኛው ትኬት ቆራጭ ስለሆነች ያደገችው እዚያው ገንዳ ዳር ነው። ትምህርት ቤቷ ለትንንሾቹ የዋና ስልጠና ሲጀምርም የአሰልጣኙ ረዳት አድርገው መረጧት። ስልጠናው የመጣው በደህና ቀን አይደለም። ከሰፈሩ ጀርባ ድሮ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ትልቅ ጉድጓድ አለ፤ ዝናብ ሲመጣ ይሞላል። ባለፈው ክረምት አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ገብቶ ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ አንድ የእርዳታ ድርጅት፣ ልጆች ውሃ ውስጥ ቢወድቁ ሰው እስኪደርስላቸው በጀርባቸው ተንሳፍፈው መቆየት እንዲችሉ ለሙከራ ያህል ገንዘብ ሰጠ። ሙከራው ካማረ ለሁሉም ክፍል የሚሆን የዓመት በጀት እንደሚለቅም ቃል ገባ።

ካማረ! ነገሩን ሁሉ ያበላሸችው ይህቺ ቃል ናት። መጀመሪያ ባነር ተሠራ። ከዚያ ቲሸርት ታተመ፤ ቀለሙ አላማረም ተብሎ እንደገና ታተመ። ከዚያ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ተዘጋጀ፤ ለሥነ ሥርዓቱ ደግሞ ልምምድ ተደረገ። ልጆቹም ክፍል ውስጥ ዴስክ ላይ በሆዳቸው ተኝተው አየር ሲቀዝፉ ሰነበቱ። ውሃ ያገኙት የገንዳው ኪራይ ሊያልቅ ትንሽ ቀን ሲቀረው ነው። እንደዚያም ሆኖ ሁሉም አለፉ፤ አንድም የወደቀ የለም።

ቤት ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ እናቷ የጄኔራሉን ባጅ ሹራቡ ላይ እየሰፋችለት ነበር። «ዋናተኛ» ይላል።

«እማ፣ ይሄ ልጅ መዋኘት አይችልም።»

«ቅናት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?» እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ቅናት አይደለም! ወለሉን ረግጦ ነው ያለፈው።»

«ታዲያ አሰልጣኙ ዓይን የለውም? ተማረ፣ አለፈ፣ አለቀ። ይልቅ ያቺን ጨርቅ አቀብዪኝ፤ ሰውየው ሱሪውን ለዛሬ ነው ያለኝ።»

ጄኔራሉ ሹራቡን አጥልቆ መስታወቱ ፊት ተንጎራደደ። «ቅዳሜ ከሰፈር ልጆች ጋር ጉድጓዱ ጋ ልንዋኝ ነው። የማስተምራቸው እኔ ነኝ።»

ቡሽ ደሟ ፈላ። «እዚያ የምትረግጠው ወለል የለም፣ አንተ ደረቅ! እማ፣ ሰማሽው?»

«የትም አይሄድም» አለች እናቷ ቀና ሳትል። ብስክሌት ስለ መንዳቱም፣ ጣሪያ ላይ ስለ መውጣቱም እንዲሁ ብላ ነበር፤ ጄኔራሉ ግን ሁለቱንም አድርጓቸዋል።

በማግስቱ ቡሽ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። አገጫቸውን ይዘው እስክትጨርስ አዳመጧት።

«ልጄ፣ ልክ ነሽ» አሉ። እፎይ ልትል ስትል ቀጠሉ። «ግን አስቢው። ነገ ሠርቶ ማሳያውን ልታይ ከድርጅቱ የምትመጣዋን ሴት ‹ልጆቹ አልቻሉም› ብንላት በጀቱን ይዛው ትሄዳለች። በጀቱ ከሄደ ማንም አይማርም። ስለዚህ አሁን እንደቻሉ እናሳያት፤ በጀቱ ሲመጣ በደንብ እናስተምራቸዋለን።»

«እስከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ቢገቡስ?»

«ቢገቡስ ምን ይሆናሉ? ልጆቹ እኮ ሰልጥነዋል!»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይሄ ነው። ንዴቷን ያባሰው ደግሞ ሰውየው ካሉት ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። በጀቱ ከቀረ በእርግጥም የሚማር ልጅ አይኖርም፤ የሚረገመውም የእሷ አፍ ነው። ነገሩን በሆዷ ይዛ ወጣች።

የሠርቶ ማሳያው ቀን ገንዳው ጋ ስትደርስ ውሃው ልብስ የታጠበበት መስሎ ደፍርሷል።

«ጋሼ፣ ውሃው ምን ሆኖ ነው?»

አሰልጣኙ ጠቀሳት። «ማጣሪያውን አስጠፍቼው ነው። እግራቸው ይታያል ብለሽ አልነበር? ይኸው፣ አሁን አይታይም። አስተያየትሽን ተቀብለናል!»

«እኔ እኮ እንደዚያ አላልኩም! አንዱ ቢሰምጥ በምን እናየዋለን?»

«ደረታቸው ድረስ ነው እኮ፣ ማን ይሰምጣል? አቦ፣ ቀኑን አታበላሺብን» አለና የተንጋደደውን ባነር ሊያቃና ሄደ።

ከድርጅቱ የመጣችው ሴት የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዳይሬክተሩ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው ጀምረው ረጅም ንግግር አደረጉ። ከዚያ ልጆቹ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ኮፍያ አጥልቀው ውሃው ውስጥ ተደረደሩ። ቡሽ መሐላቸው ቆመች። የራሷ ጉልበት እንኳ አይታያትም።

«በጀርባ!» አለ አሰልጣኙ። ሁሉም ተንጋለሉ። ተጨበጨበ።

ከሰልፉ ጫፍ ላይ የነበረች ቀጭን ልጅ አዳለጣትና ጠፋች። ውሃው ዝም አለ። ቡሽ ወደዚያ ስትንደረደር ልጅቷ እያሳለች፣ ዓይኗ ፈጦ ብቅ አለች።

«ጠልቃ ወጣች! ጎበዝ!» አለ አሰልጣኙ፤ ሰዉም ይበልጥ አጨበጨበ።

ቡሽ ወደ ሰልፉ ዞረች። ወንድሟን ፈለገችው፤ የምታየው ሁሉ ሰማያዊ ኮፍያ ነው። የትኛው እሱ እንደሆነ መለየት አቃታት። እስካሁን አፏን ይዟት የነበረው ስለ በጀቱ ማሰብ ከአእምሮዋ ወጣ።

«ውጡ! ሁላችሁም አሁኑኑ ውጡ!»

ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ። ጄኔራሉን በመጨረሻ አየችው፤ ጥግ ላይ ጠርዙን ጨብጦ ይንቀጠቀጣል።

«ምን ተፈጠረ?» ሴትዮዋ ተነሳች።

«ልጅቷን ትንሽ አሟት ነው» አሉ ዳይሬክተሩ ፈጠን ብለው።

«አላመመኝም» አለች ቡሽ። «ልጆቹ መንሳፈፍ አይችሉም። ወለሉን ረግጠው ነው። ውሃው የደፈረሰው እግራቸው እንዳይታይዎት ነው። ያ ጥግ ላይ ያለው ወንድሜ ነው፤ እሱም አይችልም።»

«እችላለሁ!» ብሎ ጮኸ ጄኔራሉ። ልጆቹ ሳቁበት፤ እሱም ማልቀስ ጀመረ። የዚያን ጊዜ ሳቁ ከእሱ ይልቅ እሷን አመማት።

ሴትዮዋ ውሃውን አየችው። «ስለዚህ ድጋፉ ይቁም ነው የምትዪኝ?»

«ይቁም አላልኩም። ገና አልተጀመረም ነው የምልዎት።»

ሴትዮዋ ዳይሬክተሩንና አሰልጣኙን አስከትላ ቢሮ ገባችና በሩ ተዘጋ። ምን እንደተባባሉ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ለቡሽ የነገራት የለም። ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን ያዞራሉ። ጄኔራሉም አኩርፎ አንድ ቃል አልተነፈሰላትም።

ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ እየተኮሰች ሳለ ከውጭ ፉጨት ሰማች። «ጄኔራል! ና እንሂድ!»

ጄኔራሉ ተነስቶ ወጣ። ቡሽ ካውያውን አስቀመጠች። ከበሩ አንድ እርምጃ ካለፈ ጆሮውን ይዛ ልትመልሰው ቆርጣለች።

«አልሄድም» ሲል ተሰማት።

«ምነው፣ ፈራህ እንዴ? አስተምራችኋለሁ ስትል አልነበር?»

ጄኔራሉ፣ እሷም እንድትሰማው ይመስላል፣ በንዴት ጮኸ። «አልፈራሁም! መዋኘት አልችልም! አልችልም አልኳችሁ!» በሩን ጓ አድርጎ ዘጋባቸው።

ፊቱ እንደቀላ በአጠገቧ አለፈ። «አሁን ደስ አለሽ?»

«አላለኝም። ነገ ጠዋት አክስቴን ለምኜ ገንዳው ጋ እወስድሃለሁ።»

«ካንቺ ጋር የትም አልሄድም!»

«እሺ፣ አትሂድ» አለች ቡሽ፣ ካውያውን መልሳ እያነሳች። «እኔ ግን በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»