የስድስት ቁጥር መታጠቢያ ቤት

ዘይኑዲን መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ በጎኑ ወድቆ ተገኘ። ከላይ ውሃው እንደተከፈተ ነበር።

ያገኘችው የፔንሲዮኑ ጽዳት ሠራተኛ ራሔል ናት። ማለዳ ላይ ውሃ ከስድስት ቁጥር በር ሥር እየፈሰሰ ኮሪደሩን ሲሞላው አይታ ባለቤቱን አቶ አባይን ጠራች። አባይ በሩን ገንጥሎ ገባ። ለፖሊስ የተደወለው ግን ቆይቶ ነው።

ሳጅን ደብሪቱ ስትደርስ ሟቹ አንሶላ ለብሷል፣ ወለሉም ተወልውሏል።

«ማን ንኩ አለዎት?» አለችው አባይን።

«ራቁቱን የወደቀ ሰው እያየሁ ዝም ልበል?»

አባባሉ እውነት ነበር። የበለጠ ያናደዳት ይኸው ነው።

ዘይኑዲን የሮቢት ሽንኩርት ነጋዴ ነበር። ለቆቦ ገበያ መጥቶ ነው እዚህ ያደረው። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ጫፋቸው ጠቁሯል። ከጤና ጣቢያ የመጣው ባለሙያ ጣቶቹን አገላብጦ አየና ኮረንቲ ነው አለ።

ግን ምኑን ነክቶ?

ደብሪቱ ዙሪያውን ፈተሸች። ሶኬት የለም። የውሃ ማሞቂያ የለም። ማብሪያ ማጥፊያው ከበሩ ውጭ ነው። መብራቱ ኮርኒሱ ላይ ነው፤ ወፍራም የመስታወት ክዳን አለው፣ ጠርዙ በጎማ የታሸገ፣ ውሃ የማያስገባ። ወንበር ላይ ቆማ እንኳ በጣቷ ጫፍ ብቻ ነው የደረሰችበት። ዘይኑዲን ደግሞ ከእሷ ያጥራል።

አለቃዋ ደወለ። ኮረንቲ ከሆነ አደጋ ነው፣ አስከሬኑን ለቤተሰቡ ስጪና ዝጊው አላት። ውጭ ደግሞ የሟቹ እህት ፈሪሀ ከሮቢት ሰዎች ጋር ቆማለች። ጀናዛው ላይ ከዙህር፣ ከቀትር ሶላት በኋላ መሰገድ አለበት፣ ወንድሜን ለምን ታቆዩብኛላችሁ ትላለች። እውነቷን ነው። ደብሪቱ ጥቂት ጊዜ ስጪኝ ብላ ለመነቻት።

ያንን ጥቂት ጊዜ በከንቱ ጨረሰችው። አባይ፣ ሟቹ ትናንት ቀን አሊ ከሚባል ነጋዴ ጋር ተጣልቶ ነበር አላት። አሊን ፍለጋ ገበያውን አሰሰች። አሊ ግን ከምሽት ጀምሮ ጎብዬ ከተማ፣ አማቶቹ ቤት ነበር። ጠቡም በጭነት ወረፋ የተነሳ ተራ ጭቅጭቅ ነበር።

ስትመለስ አባይ ሌላ ሰው አዘጋጅቶ ጠበቃት። የቤቱን ገመድ የዘረጋው ይርጋ የሚባል ኤሌክትሪሺያን ነው፣ እሱ ይጠየቅ አለ። ይርጋ ጣቢያ ቀረበ። ፊቱን አጨፍግጎ ተቀመጠ።

«ስድስት ቁጥር ውስጥ ምን ሠራህ?»

«ኮርኒሱ ላይ ያለውን መብራት ነው የሠራሁት። የታሸገውን።»

«ሌላስ?»

«ሌላውን አልሠራም ብዬ ነው ከአባይ ጋር የተጣላነው። ውሃ የሚረጭበት ቦታ ክፍት አምፖል ስቀል አለኝ። ሰው ይገድላል ብዬው ወጣሁ።»

«የት ቦታ ስቀል አለህ?»

«ከፊት መመልከቻው መስታወት በላይ።»

ደብሪቱ ወደ ፔንሲዮኑ ተመልሳ ስድስት ቁጥር ገባች፤ አባይና ራሔልም ተከተሏት። መስታወቱ ፊት ቆማ ቀኝ እጇን ከፍ አደረገች። እጇ ያረፈው ነጭ ግድግዳ ላይ ነው። በጥፍሯ ቧጨረችው። ጀሶ ነው፣ ገና አልደረቀም። ፈርፈር ሲል ከውስጡ ሁለት የገመድ ጫፎች ብቅ አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ተሰንጥቆ ነበር፣ ደፈንኩት» አለ አባይ።

«ሰው በሞተበት ጠዋት?»

 አባይ፣ እዚህ ምንም መብራት አልነበረም፣ ነበር የሚል ካለ ያምጣና ያሳይ አላት። ደብሪቱ ወደ ራሔል ዞረች። ራሔል አላየሁም ብላ አቀረቀረች። ጠዋት ሦስት ጊዜ ተጠይቃ ሦስት ጊዜም እንዲሁ ብላ ነበር። ደብሪቱ መጥረጊያውን ከእጇ ነጥቃ መወርወር አማራት። መብራቱ ከሌለ ማስረጃ የለም። አለቃዋ ደግሞ እንደገና እየደወለ ነው።

በዚህ መሃል ከጎረቤት ክፍል የውሃ ድምፅ ተሰማ።

ራሔል ቀና አለች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሰባት ቁጥር ሕፃን የያዘች እንግዳ አለች» አለች። «እዚያም ክፍል ያው መብራት አለ፣ ሳጅን። አጥፊው!»

ደብሪቱ በኮሪደሩ ሮጣ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር ወደ ታች መታችው። ቤቱ ጨለመ። ሕፃን አለቀሰ። እናቲቱ ፎጣ አገልድማ ምን ሆናችሁ እያለች በሩን ከፈተች።

በሰባት ቁጥር መታጠቢያ ቤት ከመስታወቱ በላይ ወርቅማ ቀለም ያለው የብረት መብራት ተሰቅሏል። አምፖሉ ክዳን የለውም። ብረቱ ላይ የውሃ ጠብታዎች ተደርድረዋል። ዘይኑዲን በእርጥብ እጁ የነካው እንዲህ ያለውን ነው።

አባይ ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገም፤ ራሱ ተናገረ። እንግዶች መታጠቢያ ቤቱን መላጨት እንኳ የማይቻልበት ጨለማ እያሉ ይቀልዱበት ነበር። መቀሌ አንድ ሆቴል ሳሎን ውስጥ ያየው መብራት ዓይኑ ውስጥ ቀረ። ይርጋ እምቢ ሲለው ሁለት ክፍል ውስጥ በገዛ እጁ ሰቀለ። በዚያው ሳምንት ራሔል ስትወለውለው ነዝሯት ወደቀች። በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው ብሎ አለፋት፤ ካወራሽ ሥራ የለሽም ብሎም አስፈራራት። ዛሬ ጠዋት ፖሊስ ከመጥራቱ በፊት የስድስት ቁጥሩን ነቅሎ አልጋው ሥር ደበቀ። ሰባት ቁጥር እንግዳዋ ተኝታ ስለነበር መግባት አልቻለም።

«ይነዝራል እንጂ ይገድላል አላልኩም» አለ።

ጀናዛው ለዐስር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት ደረሰ። ፈሪሀ መኪና ውስጥ ከመግባቷ በፊት ደብሪቱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

«ሰውዬው መብራቱ ሰው እንደሚይዝ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለችና በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ጣቢያ መጡ። አባይ ደግ ሰው ነው፣ ነገሩ አደጋ ተብሎ ይለፍ አሉ። ደብሪቱ አስተናግዳ ሸኘቻቸው፤ ክሱን ግን አላነሳችም።

ከሳምንት በኋላ ለሥራ ጎብዬ ወርዳ አንድ ምግብ ቤት ገባች። እጇን ልትታጠብ ቧንቧውን ስትከፍት ቀና አለች። ከቧንቧው በላይ ክዳን የሌለው አምፖል በገመድ ተንጠልጥሏል። ባለቤቱን ጠርታ አሳየችው።

«እሱማ እጅሽ ካልረጠበ ምንም አይልም» አላት ፈገግ ብሎ።

ደብሪቱ እርጥብ እጇን አሳየችው። ከዚያ ቆጣሪው የት እንዳለ ጠየቀችው።