አራቱ ቡሎኖች

«የፊት ፍሬኑ ሸራ አልቋል፤ ዲስኩም አብሮ ቢቀየር ይሻላል» አለ የመኪና ኩባንያው እንግዳ ተቀባይ፣ ወረቀቱን ወደ እናትየው እየገፋ። «ለዚያውም ወረፋችን ሞልቷል። ልሰጥዎት የምችለው ቅርብ ቀን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።»

እናትየው ወረቀቱን አንብባ ለልጇ አቀበለቻት። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንኳ ከጀርባዋ አላወረደችም። ከታች የተጻፈውን ድምር ዘላ መሐል ያለውን መስመር አየች።

«ዲስኩ ለምን ይቀየራል?» አለች። «ለክታችሁት ነው?»

ተቀባዩ ፈገግ አለ። «የኔ እህት፣ እኛ ጋ ሁልጊዜም አብሮ ነው የሚቀየረው።»

«አልለካችሁትማ።»

«አንቺ!» አለች እናትየው፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ቁጣ አልነበረም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተቀባዩን አመስግና ወጣች።

መኪናው ከፍ ያለ፣ ግራጫ ኤስዩቪ ነው። ትራፊክ መብራቱ ጋ ደርሰው እናትየው ፍሬን ስትይዝ ከፊት ጎማዎቹ ሲጥጥ የሚል ድምፅ ወጣ። ዜብራው ላይ የነበረ ሰውዬ ዞር ብሎ አያቸው።

«እኔ እቀይረዋለሁ» አለች ልጅቷ። «ከአባዬ ጋር ሦስት ጊዜ ሠርተነዋል። ዕቃው ሁሉ አለን፤ ሸራውን ብቻ መግዛት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ብጀምር እስከ ምሳ ያልቃል።»

እናትየው መብራቱን እያየች ቆየች።

«አንቺ ካልሽ፣ እሺ።»

አባትየው ከሞተ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ የእናትየው መልስ ይኸው ነው። ጸጉሬን ልቆረጥ? እሺ። ከሒሳብ ክበብ ልውጣ? እሺ። እራት አልበላም? እሺ። መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ነገሩን አሪፍ ነው ብላው ነበር። ቆይታ ግን መልሱን አስቀድማ ስለምታውቀው መጠየቁን ተወችው።

ሦስት ሳምንት መጠበቅ ያልተቻለው በአጎትየው ምክንያት ነው። አጎትየው የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ የጥርስ ሐኪም ነው። እሁድ ዕለት ከተራራው ግርጌ ባለችው ከተማ የራሱን ክሊኒክ ይከፍታል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አርባ ደቂቃ ሙሉ ቁልቁለት ነው፤ አንዱ መታጠፊያ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል።

ዓርብ ማታ አጎትየው ደወለ። እናትየው ድስት እያማሰለች ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።

«ኢንጂነር! የሰማሁት እውነት ነው?»

«ምን ሰማህ?»

«ፍሬን ልትቀይሪ ነው አሉ። ሰው ሁሉ ጥርሱን ቤቱ ቁጭ ብሎ መንቀል ቢጀምር እኔ ምን በልቼ ላድር ነው?»

«አትፎግር፣ አጎቴ።»

«የምሬን ነው። ይሄ ፍሬን ነው እኮ፤ ሬዲዮ አይደለም። ሬዲዮ ቢበላሽ እናንተው እየዘፈናችሁ ትመጣላችሁ። ኩባንያው ይሥራው።»

«ኩባንያው ያልተበላሸ ዲስክ ነው የሚቀይረው።»

«ይቀይራ! እኔስ ያልታመመ ጥርስ ነቅዬ አላውቅም?»

«አንተ!» አለች እናትየው ከምድጃው ጋ።

«ቀልዴን ነው፣ ቀልዴን ነው። ለማንም እንዳትናገሩብኝ፤ ገና ልከፍት ነው። እትዬ፣ አንቺ ምን አልሽ ግን?»

«እኔማ እሺ ብያለሁ።»

«አንቺማ…» አለ አጎትየው። ከዚያ ስለ ክሊኒኩ መጋረጃ ቀለም ማውራት ጀመረ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ የኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባች። መኪናውን በክሪክ አንስታ ከፊት በኩል ግራና ቀኝ በብረት መደገፊያ ላይ አሳረፈችው። ገፋ አድርጋ ነቀነቀችው፤ አልተንቀሳቀሰም። ሁለቱንም የፊት ጎማዎች አውጥታ መሬት ላይ አጋደመቻቸው። ዲስኮቹን ለካች፤ እስከሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት ገና ብዙ ይቀራቸዋል። አሮጌዎቹ ሸራዎች ግን የብስኩት ያህል እንኳ አልወፈሩም።

ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ አቅፎ የሚይዘው ብረት በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በሁለት ቡሎን ይታሰራል። በጠቅላላው አራት ቡሎን ማለት ነው። አባትየው እነዚህን ቡሎኖች በተመለከተ የማያወላዳ አሠራር ነበረው። አንደኛው ሰው ያጠብቃል፤ ሌላኛው ይፈትሻል። ፍተሻው እስኪያልቅ ደግሞ ያጠበቀው ሰው ከአካባቢው ይሄዳል። «አጠገቤ ቆመሽ ፊቴን ካየሽኝ፣ አንቺን ለማስደሰት ስል ጥሩ ነው እላለሁ» ይላት ነበር። ስለዚህ አንደኛው ቡሎኑን ሲፈትሽ ሌላኛው ወጥ ቤት ገብቶ ውሃ ይጠጣል። አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ አንድ ቡሎን አልጠበቀም ብላ ያለቀለትን ጎማ አስፈትታዋለች። ቡሎኑ ጠብቆ ነበር። አባትየው ቅር ያለው አይመስልም ነበር፤ ጎማውን ፈታ፣ አሳያት፣ መልሶ ገጠመው።

ግራውን ጨርሳ ወደ ቀኙ ዞረች። አዲሶቹን ሸራዎች አስገባች፣ ብረቱን መለሰች፣ የላይኛውን ቡሎን አጠበቀች፣ የታችኛውን በጣቷ ማስገባት ጀመረች። በዚህ መሐል እናትየው ዳቦና ሻይ ይዛ መጣች።

«ትንሽ ቅመሺ እስኪ። ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆድሽን ነሽ።»

«እጄ እኮ ቆሽሿል።»

«አፍሽን ክፈቺ።»

«እማ! ሕፃን ነኝ እንዴ? ጎረቤት ካየ ሼም ነው።»

«ጎረቤት ይይ። ክፈቺ።»

ልጅቷ የተጋደመው ጎማ ላይ ቁጭ ብላ ሁለት ጉርሻ ዳቦ ዋጠች፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ተነስታ መሣሪያዎቹን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። ልኩ ሲደርስ ቀጭ የሚለውን ረጅም መፍቻ ብቻ ሳጥኑ ላይ ተወችው።

«እማ፣ አሁን አንቺ ትፈትሺልኛለሽ። አራቱንም። መፍቻውን ቡሎኑ ላይ ታደርጊና ወደ ታች ትጫኚዋለሽ። ቡሎኑ ሳይዞር ቀጭ ካለ ጠብቋል። እኔ ቤት ገብቼ እጠብቃለሁ።»

«ለምን ትገቢያለሽ?»

«እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

እናትየው ይህን ታውቃለች። ከወጥ ቤቱ መስኮት ስንት ዓመት ስታየው ኖራለች። «እሺ» አለች።

ልጅቷ ገባች። እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጠበች፤ የፍሬን አቧራ እንደ ከሰል ነው፣ ውሃው ለረጅም ጊዜ ጥቁር ሆኖ ወረደ። አንድ ብርጭቆ ውሃ በዝግታ ጠጥታ ወጣች።

«አየሻቸው?»

«አየኋቸው።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም። በጣም ጥሩ ነው። ጎበዝ።»

እናትየው የሻይ ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ሲኒው ነጭ ነው፤ የሸሚዟ እጅጌም ነጭ ነው። ጣቶቿ ንጹሕ ናቸው። መፍቻው ሳጥኑ ላይ ልጅቷ በተወችበት ቦታ፣ በተወችበት አቅጣጫ ተቀምጧል።

ልጅቷ የግራውን ጎማ አንከባልላ ወሰደች፣ አንስታ ቦታው ላይ ሰካችው፣ የጎማ ማሰሪያ ዳዶዎቹን በጣቷ ማዞር ጀመረች። አንድ። ሁለት። ዝም ብትል በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለቱም ጎማዎች ይገባሉ። እናትየው ነገ ለክሊኒኩ እንግዶች ሁሉ ልጄ ናት የሠራችው ብላ ታወራለች። ብትናገር ደግሞ እናቷን ውሸታም ማለት ነው። ውሸቱ ክፋት የለበትም፤ ይህንንም ታውቃለች። ሦስተኛውን ዳዶ አስገባች። ነገ ቁልቁለቱ ላይ፣ መታጠፊያው ሲመጣ፣ የእናቷ እግር ፔዳሉ ላይ ያርፋል። ያ ፔዳል የሚተማመነው በልጅቷ እጅ ብቻ ነው፤ ሥራውን ሌላ ማንም አላየውም።

ሦስቱን ዳዶዎች መልሳ ፈታቻቸው። ጎማውን አውርዳ አጋደመችው።

«ምነው? ምን ሆነ?» አለች እናትየው።

«እማ፣ አልነካሻቸውም።»

እናትየው ሲኒውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠች።

«ምኑን አውቄ ነው የማየው?» አለች። «አንቺ ነሽ የምታውቂው። ከጠዋት ጀምሮ ስትለፊ ነው የዋልሽው፤ አሁን እኔ መጥቼ…» አቋረጠችው። «የሆነ ነገር ባገኝስ?»

«ለዚያ እኮ ነው የምታይው።»

«ታዝኛለሽ።»

«አዝናለሁ። ከዚያ አጠብቀዋለሁ።»

እናትየው ቆማ አየቻት። ከዚያ የሸሚዟን እጅጌ ሁለት ጊዜ አጠፈችና አጠገቧ ተንበረከከች። ልጅቷ መፍቻውን አስያዘቻት፣ እንዴት እንደምትጫን አሳየቻት፣ ቡሎኖቹ የት እንዳሉ በጣቷ ነካክታ አመለከተቻት።

«አሁን ልግባ?»

«አይ፣ ተቀመጪ» አለች እናትየው። «ግን ፊትሽን አዙሪ።»

ልጅቷ ወደ አጥሩ ዞራ ተቀመጠች። ከኋላዋ የእናቷ ትንፋሽ ይሰማታል። ቀጭ። ትንሽ ቆይቶ፣ ቀጭ። ግራው አለቀ። እናትየው ጉልበቷን እየያዘች ተነስታ ወደ ቀኙ ሄደች። ቀጭ። ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥታው ረዘመ።

«እማ?»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለች እናትየው በዝግታ። «እኔ አልያዝኩትም ይሆናል እንጂ… ይዞራል መሰለኝ።»

ልጅቷ ዞረች። መጥታ የታችኛውን ቡሎን በሁለት ጣቷ ያዘችው። ያለ ምንም ጉልበት ዞረ።

ዳቦው ሲመጣ ያቆመችው እዚህ ላይ ነው። አስታወሰችው። እናትየውም አስታውሳው እንደሆነ ከፊቷ ማወቅ አልተቻለም። ሁለቱም ስለ ዳቦው አላነሱም።

«አልተሳሳትሽም» አለች ልጅቷ።

መፍቻውን ተቀብላ ቡሎኑን አጠበቀችው። ቀጭ አለ። ለእናቷ መልሳ ሰጠቻት፤ እናትየው እንደገና ተጫነችው፤ ቀጭ አለ።

«አሁን ደህና ነው አይደል?» አለች እናትየው። ግንባሯ ላይ ጥቁር መስመር ተጋድሟል፤ አላወቀችውም። «እንግዲህ ጠብቋል። ጎማውን ግጠሚና እንጨርስ። ነገ እንሄዳለን።»

ልጅቷ መኪናውን አየችው። አራቱ ቡሎኖች ጠብቀዋል፤ ይህን አሁን ሁለት ሰው ያውቃል። ግን አባቷ ከቡሎኖቹ በኋላም ጎንበስ ብሎ የሚያያቸው ሌሎች ነገሮች ነበሩ። የፍሬን ዘይት ቱቦውን በእጁ እየዳሰሰ ይከተለዋል፤ የሆነ ቦታ ላይ ባትሪ ያበራል። ምን እንደሚያይ ጠይቃው አታውቅም። እናቷም አታውቅም። እዚህ ግቢ ውስጥ ያንን የሚያውቅ ሰው የለም።

«እማ፣ ብንሄድ ምን ትያለሽ?»

«አንቺ ካልሽ…»

«አይ። እኔን ተዪኝ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

እናትየው የቆሸሹ እጆቿን ጭኗ ላይ ልታሳርፍ ስትል ልብሷን አስታወሰችና አየር ላይ ያዘቻቸው።

«እፈራለሁ» አለች። «ያንን ቁልቁለት ስነዳው ስለ ቡሎን እያሰብኩ ነው የምነዳው።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ስልኳን ከሳጥኑ ላይ አንስታ ደወለች።

«ኢንጂነር!» አለ አጎትየው። ከጀርባው ሰው ሚስማር ይመታል። «አለቀ?»

«አጎቴ፣ ነገ በአውቶቡስ ነው የምንመጣው። መኪናው ሰኞ ኩባንያው ጋ ይሄዳል። ወረፋው እስኪደርስ እዚያው ይቆማል።»

«ይቀይሩልሽ ልትይ?»

«የሠራሁትን እንዲያዩልኝ። ዲስኩን እንዳይነኩ እነግራቸዋለሁ።»

«አላልኩም? አላልኩም ወይ?» አጎትየው ሳቀ። «እሺ ምን ሆነ? ምን አበላሸሽ?»

ልጅቷ ወደ እናቷ አየች። እናትየው ቧንቧው ጋ ቆማ እጇን ትታጠባለች፤ ሳሙናውን ደጋግማ ታሸዋለች።

«አንድ ቡሎን ሳላጠብቅ ረስቼ ነበር» አለች። «እማ አገኘችው።»

አጎትየው በዚህ አልቀለደም።

«አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚደርሰው?» አለ። «መጥቼ እቀበላችኋለሁ።»